ያለ ማውስ

ዓይኔ መጥፋት የጀመረው ከዳር ነው። ፊት ለፊቴ የቆመ መኪና ታርጋውን አነባለሁ፤ ከጎኔ የሚመጣውን ፈረስ ግን አላየውም። አንድ ቀን ሮቤ ገበያ መግቢያ ላይ ጋሪ ሊድጠኝ ለጥቂት ተረፍኩ። ባለጋሪው ልጓሙን ስቦ ፈረሱን ካቆመ በኋላ በኦሮምኛ፣ «በጠዋቱ ጠጥተሃል እንዴ?» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄው አለፍኩ። ለራሴም የመሰለኝ ሐሳብ ይዞኝ ነው።

ያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ቤቴ ጎባ፣ ሥራዬ ሮቤ ነው፤ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ወንድ ጸሐፊ ስለማይለመድ ባለጉዳይ በሩን ከፍቶ ይገባና እኔን አይቶ፣ «ጸሐፊዋ የለችም?» ይላል። «እኔ ነኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ያፍራል፤ አንዳንዱ ይስቃል። ለምጄዋለሁ።

ታይፕ የተማርኩት በደርግ ጊዜ እዚያው ጎባ ነው። ያስተማረችን ሴትዮ ፊደሎቹን እንዳናይ እጃችንን በጨርቅ ትሸፍንብን ነበር። መንግሥት ተለውጦ ደብዳቤው በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ፊደል በቁቤ ይጻፍ ሲባል ጣቶቼን እንደገና አስተማርኳቸው። ቤት ውስጥ ያደግኩት በአማርኛ፣ ደጅ ያደግኩት በኦሮምኛ ስለሆነ ቋንቋው አልከበደኝም፤ የከበደኝ የፊደሎቹ ቦታ ነው። እሱም በሦስት ወር ተለመደ። ከዚያ ወዲህ ለወረዳዎቹ የሚሄደውን በኦሮምኛ፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚሄደውን በአማርኛ እጽፋለሁ። ታይፑ ተነስቶ ኮምፒውተር ሲተካም ሥራው ያው ነበር።

ከጋሪው በኋላ አንድ ሁለቴ ደረጃ ሳትኩ። ጎባ ያየኝ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ ያገኘችኝ ሐኪም ወጣት ናት። አንድ ማሽን ውስጥ አገጬን አስደግፋ ብዙ ትንንሽ መብራቶች አሳየችኝ፤ ባየሁ ቁጥር አንድ ቁልፍ እንድጫን ነገረችኝ። ብዙውን ጊዜ እጄ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ ተቀመጠች።

«ግላኮማ ይባላል» አለች። «የዓይን ግፊት ነው። ነርቩን ጎድቶታል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት በየቀኑ ጠብታ ያደርጋሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ሁልጊዜ።» ካርዴ ላይ ጻፈችና፣ «ትንሽ ዘግይተው ነው የመጡት» አለች።

የሆነ ነገር እንድላት ጠበቀች። «የሚጠይቁኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ፋርማሲው በየት በኩል ነው?» አልኳት።

በማግስቱ በባሌ አውቶቡስ ተመለስኩ። ዶዶላ ለምሳ ወረድን። ጥብስ አዘዝኩና ሳላስተርፍ በላሁ። እጄን ስታጠብ፣ አሁን ማልቀስ ነበረብኝ ብዬ አሰብኩ፤ ቤት ረስቼው እንደመጣሁት ዕቃ ሆኖ ነበር ትዝ ያለኝ። አዳባን ካለፍን በኋላ በመስኮት የስንዴ ማሳ እያየሁ ሄድኩ። ማሳው አረንጓዴ ነበር። ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ቦርሳዬን ተቀብላ፣ «ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ጠብታ ሰጡኝ።»

«ያድንሃል?»

«ይይዘዋል ብለዋል።»

ውሸት አልነበረም። እሷም አልገፋችበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ጠብታውን የምታደርግልኝ እሷ ሆነች። ወንበር ላይ ተቀምጬ አንገቴን ወደ ኋላ አደርጋለሁ፤ ሁለት ጣቷን ቅንድቤ ላይ አሳርፋ ትጨምርልኛለች። ከዚያ ጉንጬ ላይ የወረደውን በመዳፏ ትጠርግልኛለች። ስለ ዓይኔ አናወራም።

ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የጠፋብኝ የማውሱ ቀስት ነው። ስክሪኑን አየዋለሁ፣ ጽሑፉን አነበዋለሁ፤ ያቺ ትንሽ ነጭ ቀስት ግን የት እንዳለች አላውቅም። ማውሱን እስከ ግራው ጥግ እገፋዋለሁ፤ ከዚያ በዝግታ ወደ መሐል እየጎተትኩ እፈልጋታለሁ። ሳገኛት ተንፍሼ ሳልጨርስ መልሳ ትጠፋለች። የእኔ ሥራ ደግሞ ከአንድ ጽሑፍ ወደ ሌላው መመላለስ ይበዛበታል። አንዱ መስኮት ላይ የኦሮምኛው ደብዳቤ አለ፤ ሌላው ላይ የአማርኛው፤ ሦስተኛው ላይ የወጪ ደብዳቤ ቁጥር የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ። ዱሮ ሳላስበው የማደርገው ነገር አሁን ላብ ያስወጣኝ ጀመር።

አብራኝ የምትሠራ ጸሐፊ ነበረች፤ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ጠረጴዛዎቻችን የተያያዙ ናቸው። አንድ ቀን ስገፋና ስጎትት አይታ፣ «ማውስህ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ቆሽሾ ነው መሰለኝ።»

ተነስታ መጣች። ገልብጣ ከሥሩ ያለችውን ኳስ አወጣች፤ በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ መለሰችና፣ «አሁን ይሠራልሃል» አለች። አመሰገንኳት። ቀኑን ሙሉ እንደሚሠራልኝ ሰው ሆኜ ዋልኩ።

በጠዋቱ ሚኒባስ ከጎባ አብራን የምትሳፈር አንዲት ሴት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ትወርዳለች። ዓይነ ስውር ናት፤ ነጭ ዘንጓን እግሯ አጠገብ ታቆማለች። አንድ ጠዋት ስገባ ዘንጓን ረገጥኩት።

«ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁትም» ብዬ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ትናንትም ረግጠውታል» አለች።

እግሬን ሰበሰብኩ።

«ሰኞም። እግርዎን አውቀዋለሁ። ሲገቡ ወንበሩን ሁለት ጊዜ ይዳብሱና ነው የሚቀመጡት።» ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው። አያለሁ።»

«ማሻ አላህ» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

ለብዙ ቀን ከሰላምታ በላይ አልተነጋገርንም። «አከም ቡልተን?» ትለኛለች፤ ደህና ማደሬን እነግራታለሁ፤ መኪናው ይሄዳል። አንድ ቀን እንዲሁ ዝም ማለቱ ሲከብደኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት።

«ማየት ለማይችሉት ተማሪዎች ኮምፒውተር አሳያለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«በጆሮዬ። ማሽኑ ይነግረኛል፣ እኔ በጣቴ አዘዋለሁ። ማውስ አንነካም፤ ሁሉም በቁልፍ ነው።»

ቢሮ ገብቼ ማውሱን ወዲያ ወዲህ ስገፋ የዋልኩት ይህን እያሰብኩ ነው። በሦስተኛው ቀን ከጎኗ ተቀምጬ፣ «አላይም» አልኳት። «ትንሽ ነው የሚታየኝ። እየጠበበ ነው።»

ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለባለቤቴ ያልነገርኩትን ስሟን እንኳ ለማላውቃት ሴት ተናገርኩት። ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም። ምናልባት ፊቴን ስለማታየው ነው።

«ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ» አለችኝ። «በሩ ላይ ስሜን ሲጠሩ ዘበኛው ክፍሉን ያሳይዎታል።» ስሟንም የነገረችኝ ያኔ ነው።

ክፍሉ ትንሽ ነበር፤ ግድግዳውን ተጠግተው ስምንት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ወንበር ሳበችልኝና ከኋላዬ ቆመች። ጆሮ ማዳመጫ አደረገችልኝ። አንድ ፈረንጅ ወንድ በእንግሊዝኛ በጣም እየፈጠነ ይናገራል። ድምፁን አዘገየችልኝ።

«ግራ እጅዎን ይስጡኝ።» አውራ ጣቴን ይዛ አንድ ቁልፍ ላይ አሳረፈችው። «ይሄ አልት ነው። ይያዙት። ይልቀቁ እስከምልዎት እንዳይለቁት። አሁን በሌላኛው ጣትዎ ከላይ በኩል ያለውን ታብ አንዴ ይምቱ።»

መታሁት።

«ምን አለ?»

«ኤክሴል።»

«ይልቀቁ።»

ለቀቅኩ።

«ገቡ ማለት ነው። አሁን ሰንጠረዡ ውስጥ ነዎት። ቀስት አልፈለጉም፣ ምንም አልጎተቱም። እስቲ ወደ ደብዳቤው ይመለሱ።»

አልትን ይዤ ታብን መታሁ፤ ድምፁ የደብዳቤውን ስም ጠራ፤ ለቀቅኩ። ገባሁ። አምስት መስኮት ከፍታልኝ ከአንዱ ወደ አንዱ ስታመላልሰኝ ቆየች። የተወሰነ ጊዜ ከሄድኩ በኋላ ተምታታብኝ።

«ሦስተኛው ላይ የነበረው ጠፋ» አልኳት። «ቆጥሬ ነበር።»

ሳቀች። «ሁሉም ሰው መጀመሪያ ይቆጥራል። ቦታቸውን አይሸምድዱ፤ ይቀያየራሉ። መጨረሻ የነኩት ነው ሁልጊዜ ከፊት የሚመጣው። ስማቸውን ያዳምጡ። ካለፈዎት ደግሞ ሺፍትን ጨምረው ይያዙና ወደ ኋላ ይመለሱ።»

ታይፕ መቻሌን ስታውቅ ተገረመች። ለተማሪዎቿ ወር የሚፈጅባቸውን እኔ ጨርሼው ነው የመጣሁት። የቸገረው አማርኛው ነው። ፈረንጁ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር ሁሉ ያነባል፤ ቁቤውን እየጎረበጠውም ቢሆን ይወጣዋል። አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ጭጭ ይላል። አንድ ገጽ ሙሉ አማርኛ ከፍቼ ጠበቅኩት፤ ምንም።

«አማርኛ አያውቅም» አለች።

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልጻፍ?»

«ጣትዎን ማመን ነው ጋሼ። ፋይሉን ግን ስሙን በላቲን ይጻፉት፤ ቢያንስ የትኛው መስኮት እንደሆነ ይነግርዎታል።»

አራት ቅዳሜ ሄድኩ። በአንዱ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ስንጠብቅ ስለ ራሷ ነገረችኝ። ያደገችው ሲናና አካባቢ ነው። አራት ዓመቷ ላይ ኩፍኝ ይዟት ዓይኗን ወሰደው። «የማስታውሰው አንድ ቢጫ ነገር ብቻ ነው» አለች። «ትልቅ ቢጫ። ምን እንደሆነ አላውቅም። አባቴ የጎመንዘር ማሳ ይሆናል ይላል። እርስዎ ግን ብዙ ነገር ያውቃሉ።» መብራቱ መጥቶ ማሽኖቹ ሲጮሁ ወደ ሥራችን ተመለስን።

ፕሮግራሙን በፍላሽ ሰጠችኝና ሰው በሌለበት የምሳ ሰዓት ቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ብቻ፣ በግድግዳው በኩል ባለው ጆሮዬ አደርጋለሁ። ሬዲዮ የምሰማ ይመስላቸዋል። ማውሱን ከሞኒተሩ ኋላ አኖርኩት። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ፈጠነ። ከኦሮምኛው ወደ አማርኛው፣ ከአማርኛው ወደ መዝገቡ፣ እንደገና ወደ ኦሮምኛው፤ ጣቶቼ ብቻ ናቸው የሚንቀሳቀሱት። የሥራ ኃላፊያችን እንዲያውም አንድ ጊዜ ሰው ፊት አመሰገኑኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ተቀመጥኩ።

አንዴ ብቻ ለጥቂት ተረፍኩ። ወረቀት ላነሳ ስል ክርኔ ሽቦውን ነቀለውና የፈረንጁ ድምፅ ቢሮውን ሞላው። ለወረዳዎች የተጻፈ የስብሰባ ጥሪ ነበር የሚያነበው። የሥራ ባልደረባዬ መጻፏን አቆመች።

«ይሄ ፈረንጅ ደግሞ ኦሮምኛ የት ተማረ?» አለችና ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። የወረዳዎቹን ስም ሲጠራማ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

«የፊደል ስሕተት የሚያሳይ ፕሮግራም ነው» አልኳት።

«ለእኔም ጫንልኝ።»

«እሺ» አልኩ። አልጫንኩላትም።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። መጀመሪያ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው አይ ነበር። ከዚያ ቀዳዳውም ጭጋግ ገባበት፤ ከሳኔቲ ተራራ በኩል ጎባ ላይ እንደሚወርደው ዓይነት፣ ነጭ። ቀኑና ሌሊቱ ይለያል፤ ሰው ፊቴ ሲቆም ጥላው ይታወቀኛል፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የደብዳቤውን ሐሳብ ኃላፊያችን በቃል ይነግሩኛል፤ ቃሉን የማሰናዳው እኔ ነኝ። ከቤት እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ ቢሮ ያለውን እርምጃ አውቀዋለሁ። ሰላም ያሉኝን ሁሉ በድምፃቸው ሰላም እላለሁ። ሰላም ያላሉኝን ኮርቶ ነው ብለው ይሆናል።

የታወቀብኝ በክረምት፣ ዝናብ በያዘበት ጠዋት ነው። እንደ ልማዴ በሁለት ሰዓት ተኩል ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ፈረንጁ ሲናገር ሥራ ጀመርኩ። ለሲናና ወረዳ የሚሄድ አስቸኳይ ደብዳቤ ነበር፤ ግልባጩ ደግሞ በአማርኛ ለአዲስ አበባ ይላካል። ሁለቱንም ጨርሼ ቁጥር ሰጥቼ፣ ሌላ ሥራ ይዤ ነበር ኃላፊያችን የገቡት። ለጡረታ የተቃረቡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«የሲናናው ደብዳቤ አለቀ?»

«አልቋል።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አልትን ይዤ ታብን ሁለት ጊዜ መታሁ። ፈረንጁ የደብዳቤውን ስም ሲጠራ ለቀቅኩ፤ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቅኩና ወንበሬን ገለል አድርጌ፣ «ይኸውልዎ» አልኳቸው።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«የቱ ነው?» አሉ ቆይተው።

«ይሄ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው።» በጣቴ አመለከትኳቸው።

የባልደረባዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። በፊቴ እጇን ዘርግታ አንድ ነገር ተጫነች፤ ጠቅ አለ።

«ሞኒተሩ ጠፍቶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን በራ።»

ቢሮውን የምታጸዳው ሴትዮ ማታ ስትወለውል ማጥፊያውን ነክታው ኖሯል። ከጠዋት ጀምሮ ጥቁር ሞኒተር ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር የምጽፈው። ሰዓቱ ለምሳ ተቃርቦ ነበር።

ባልደረባዬ ተነስታ ወጣች። ኃላፊያችን በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጀመረኝ አራት ዓመት ይሆናል። እንዲህ ከሆንኩ ግን ዓመት አይሞላም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ደብዳቤ ማነው ሲጽፍ የነበረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን እያገዘህ?»

«ማንም።»

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጉ። «እስቲ አድርገህ አሳየኝ።»

ድምፁን ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረግኩት። «ወደ አማርኛው ሂድ» አሉኝ፤ ሄድኩ። «ወደ መዝገቡ» አሉ፤ ሄድኩ። «ሲናናን መልስልኝ» አሉ፤ መለስኩላቸው። ፈተና መሆኑ ገብቶኛል። የሌላ ሰው እጅ ሲሠራ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው መስዬ ነበር።

ከዚያ የአማርኛውን ደብዳቤ ራሳቸው አነበቡ። «እዚህ ጋ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፏል» አሉ።

«አማርኛውን አያነብልኝም።»

«ማን?»

«ማሽኑ። አማርኛ አያውቅም። በጣቴ ነው የምጽፈው።»

«እኔ ሁለት ዓይን ይዤ ስንቱን ሳላነብ ፈርሜያለሁ» አሉ በመጨረሻ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «መደበቅህ ግን ልክ አይደለም። አንድ ትልቅ ስሕተት ወጥቶ ቢሆን ላንተም ለእኔም አይበጅም ነበር» አሉኝ።

«ልክ ነዎት።»

«ሐኪም ቦርድ መቅረብህ አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ ያየሁትን እጽፋለሁ።»

ተነስተው ሲሄዱ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ባልደረባዬ ተመልሳ ስትገባ ድምጿ ተለውጦ ነበር። ያዘነች መስሎኝ ነበር፤ ተቆጥታለች።

«ያን ማውስ ስጠርግልህ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። «ከጎንህ ነው እኮ የምቀመጠው። ቀኑን ሙሉ ከጎንህ!»

«እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም ነበር።»

«‹አላይም› ማለት ነው» አለችና መጻፍ ጀመረች። ቁልፎቹን ስትመታ ከሩቅ ይሰማል።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ለባለቤቴ፣ «ዛሬ ቢሮ አወቁ» አልኳት።

ምኑን አላለችኝም። «ምን አሉህ?» ነበር ያለችኝ። ያኔ ገባኝ።

«አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ጠብታ ሳደርግልህ ዓይንህ ጣቴን አይከተልም። ከአምናው ፋሲካ ጀምሮ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ራት አቀረበች። እንደ ሁልጊዜው እየዳበስኩ ልጀምር ስል እጄን ያዘችኝ። ያን ያህል ጊዜ አብረን በልተን እጄን ይዛው አታውቅም፤ እንዳላፍር ብላ ነበር። «ድንቹ እዚህ ነው፣ ጎመኑ እዚህ፣ ውኃው በቀኝህ» እያለች ጣቴን በየቦታው አሳረፈችልኝ። ከበላን በኋላ፣ «ማልቀስ ካማረህ አልቅስ፤ ማንም የለም» አለችኝ።

«አልመጣልኝም» አልኳት።

እሷ አለቀሰች። ትከሻዋን ይዤ እስክትጨርስ ተቀመጥኩ። ሻሿ የሳሙና ሽታ ነበረው። ያ ትዝ ይለኛል።

ቦርዱ ሦስት ወር ፈጀ። ኃላፊያችን ያሉትን አደረጉ፤ ያዩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ላኩ። በመጨረሻ ከሥራ አልወጣሁም። የኦሮምኛው ደብዳቤ በእኔ እጅ እንዲቆይ፣ የአማርኛው ወደ ባልደረባዬ እንዲዛወር ተወሰነ። አማርኛ አፍ የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ከሁሉም አሳምሬ የምጽፈው እሱን ነበር። ውሳኔውን ያነበበችልኝ እሷ ናት። ስትጨርስ፣ «ከበደህ?» አለችኝ።

«ትክክል ነው» አልኳት። «ማሽኑ አያውቀውም።»

ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ደብዳቤ ስትጽፍ አንዳንዴ፣ «እዚህ ጋ ምን ይባላል?» ትለኛለች። የሚባለውን እነግራታለሁ፤ ትጽፈዋለች፤ እኔ የራሴን መስኮት እቀይራለሁ። ያኔ ከታወቀብኝ በኋላ ዝም ተባብለን የቆየነው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ስታመጣልኝ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ በማስቀመጥ ፈንታ እጄ ላይ አስያዘችኝና፣ «ያዝ፤ ሙቅ ነው» አለች። ታረቅን ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲዋ ሴት አግብታ ወደ ጅማ ሄደች። የመጨረሻ ቀኗ ላይ በሚኒባሱ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። አሁን እኔም ነጭ ዘንግ ይዣለሁ። «ገለቶሚ» አልኳት በኦሮምኛ፤ ምስጋናዬ ነው። «እኔ ምን አደረግኩ፤ ጣቱን ይዘው የመጡት እርስዎ» አለች። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስትወርድ ዘንጎቻችን ተጠላለፉና ተሳፋሪው ሁሉ እስክንለያይ ጠበቀን። ከልቧ ሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅሁ መሰለኝ።

የቀረችው ብርሃን መቼ እንደሄደች በትክክል አላውቅም። አንድ እሑድ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ምን እንዲህ ፀሐይ ላይ አስቀመጠህ? ራስህን ያምሃል» አለችኝ።

ፊቴ እንደሚሞቅ ይታወቀኝ ነበር። ቀና ብዬ ሙቀቱ ወደሚመጣበት ዞርኩ። እጄን ዓይኔ ላይ አደረግኩና አነሳሁት። መልሼ አደረግኩትና አነሳሁት። ልዩነት የለውም።

«ብርሃኑም ሄደ» አልኳት።

ባለችበት ቆመች። ከጎረቤት ግቢ ዶሮ ይጮሃል። «እሺ» አለች ቆይታ። ገብታ ነጠላዋን አስቀምጣ ወጣችና ወንበሬን ወደ ጥላው አዛወረችልኝ፤ ለራሷም በርጩማ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ ሮቤ ሄድኩ።